“ሚራ” ልበል ወይስ “ሚሬን”?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የቱሪዝም ትምህርቴን ጨርሼ በጎንደር በአስጎብኚነት መሥራት ከጀመርሁ ብዙም አልቆየሁ። እንግሊዝኛ አያስቸግረኝም፤ ከስፔንና ከላቲን አሜሪካ የሚመጡ እንግዶችም ስለሚያጋጥሙኝ ስፓኒሽ በራሴ እየተማርሁ ነው። የከበደኝ ትእዛዝ ነው። በመጽሐፉ ላይ ለአንድ ግሥ አራት አምስት ዓይነት ትእዛዝ ተደርድሯል፤ የቱን ለማን እንደምል ግን ግራ ገብቶኛል። በቅርቡ በደብረ ብርሃን ሥላሴ አንዲት ከኮሎምቢያ የመጡ አረጋዊት የጣሪያውን ሥዕል እንዲያዩ ብዬ “ሚራ” አልኋቸው። እሳቸው ፈገግ አሉ፤ ልጃቸው ግን “እናቴን እንደ እኩያሽ ነው ያነጋገርሻት” አለኝ። ከዚያ ወዲህ አፌ ተያዘ። ጓደኛዬ ደግሞ “ግሡን በመዝገበ ቃላት እንዳለ በይው፤ ይገባቸዋል” ይለኛል። ለጥምቀት ቡድን ይዤ እወጣለሁ። ለመሆኑ እንግዳን ማዘዝ ራሱ ነውር አይደለም?

አስጎብኚዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦

ውድ እኅቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሣ፤ የፍርሃትሽ ሥር እዚያ ነውና። እንግዳን ማዘዝ ነውር አይደለም። በጎንደር ቤት እንግዳ ደጅ ላይ ሲቆም የሚሰማውን አስቢ፦ “ይግቡ! ኧረ ይግቡ! እዚህ ጋ ይቀመጡ፤ ይብሉ እንጂ፤ በሞቴ ይህችን ብቻ ይጉረሱልኝ!” ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ትእዛዝ ነው፤ ማንም ግን “አዘዙኝ” ብሎ አይቀየምም። እንዲያውም ቅር የሚለው “እንደ ፈለግህ” ተብሎ ዝም የተባለው እንግዳ ነው። የስፓኒሽ ተናጋሪዎችም በዚህ ከእኛ አይርቁም። በራቸውን ከፍተው “ፓሴ፣ ፓሴ” ይላሉ፤ ይለፉ፣ ይግቡ ማለታቸው ነው። ምግብ ሲያቀርቡም “ኮማ፣ ኮማ” እያሉ ይደጋግሙታል። ሰው የሚከፋው የተነገረው ቃል ከማዕረጉ ሲያንስ ነው፤ አንቺም አያትሽን “ግቢ” አትያቸውም። ስለዚህ ማዘዝሽን አትተዪ፤ የቀረሽ ቅርጹን መምረጥ ብቻ ነው፤ እሱም ከምታስቢው በላይ ቀላል ነው።

የስፓኒሽ ግሥ ሁሉ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከሦስት መጨረሻዎች በአንዱ ያልቃል፦ በ“አር”፣ በ“ኤር” ወይም በ“ኢር”። ሚራር ማየት ነው፤ ኮሜር መብላት፤ ሱቢር ወደ ላይ መውጣት። እነዚህን ሦስቱን ይዘሽ ተከተይኝ፤ ሌላው መደበኛ ግሥ ሁሉ በእነሱ መንገድ ይሄዳል።

አንተ ወይም አንቺ ለምትዪው ለአንድ ሰው የመጨረሻዋ “ር” ትወድቃለች፦ ሚራ፣ ኮሜ። በ“ኢር” የሚያልቀው ግሥ ብቻ አናባቢውን ወደ “ኤ” ይለውጣል፤ ሱቢር “ሱቤ” ይሆናል። ይህ ቅርጽ “እሱ ያያል”፣ “እሷ ትበላለች” ከሚለው ያሁን ጊዜ ቅርጽ ጋር አንድ ስለሆነ አዲስ ነገር አታጠኚም። ለወንድና ለሴትም አይለይም፤ እኛ “እይ” እና “እዪ” ብለን የምንለየውን እነሱ በአንድ “ሚራ” ይጠቀልሉታል።

እርስዎ ለምትያቸው ደግሞ አናባቢዎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። በ“አር” የሚያልቀው ግሥ “ኤ” ይይዛል፤ በ“ኤር” እና በ“ኢር” የሚያልቁት ደግሞ “አ” ይይዛሉ። ሚራር “ሚሬ” ይሆናል፤ ኮሜር “ኮማ”፤ ሱቢር “ሱባ”። ሰዎቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ መጨረሻው ላይ “ን” ትጨምሪያለሽ፦ ሚሬን፣ ኮማን፣ ሱባን። ደንቡ በሙሉ ይኸው ነው። ለእኒያ እናት የሚገባቸው “ሚሬ” ነበር።

መጽሐፎች ይህን ልውውጥ “እንዲሁ አጥኑት” ብለው ያልፉታል፤ እኔ ግን ምክንያቱን ማወቅሽ ይጠቅምሻል ባይ ነኝ። እርስዎ የሚለው የስፓኒሽ ቃል ኡስቴድ ነው። የመጣውም “ቡዌስትራ ሜርሴድ” ከሚል የድሮ የአክብሮት አጠራር ነው፤ “ጸጋዎ”፣ “ክቡርነትዎ” እንደ ማለት ነው። ሰውየውን ፊት ለፊት ከመጥራት ይልቅ ክቡርነቱን ስለሚጠሩ፣ ግሡም እንደ ሦስተኛ ሰው ይነገራል፦ “ክቡርነትዎ ይግባ”። አሁን ወደ አማርኛሽ ተመለሺ። “ይግቡ” ስትዪ መነሻው ላይ ያለችው “ይ” የማን ናት? የእሱና የእነሱ ናት፤ “እነሱ ይግቡ” ስትዪ የምታመጫት ያችው ናት። እኛም ትልቅን ሰው የምናዘው ከፊት ለፊቱ ዘወር ብለን፣ በሦስተኛ ሰው ቅርጽ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት የአክብሮት መንገድ መርጠዋል፤ ያንቺ አፍ መንገዱን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ጎንደር ደግሞ ከዚህም በላይ ይረዳሻል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የግዕዝ ግሥ የሚቀጽሉ ተማሪዎችን ሰምተሽ ይሆናል፦ “ቀተለ፣ ገደለ፤ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል”። “ይቅትል” ሁለት ጊዜ መምጣቱን ልብ በይ። አንድ ቅርጽ ለዘንድም ለትእዛዝም ያገለግላል። ኤንትራር፣ መግባት ከሚለው የመጣው የስፓኒሹ “ኤንትሬ”ም እንዲሁ ነው፤ “ይገባ ዘንድ” ለማለትም፣ “ይግቡ” ብሎ ለማክበርም ይኸው ቅርጽ ይመጣል። መጽሐፍሽ ሌላ ምዕራፍ ላይ በአስፈሪ ስም የጠራው አንቀጽ ይህ ነው። የአክብሮት ትእዛዝን ስታጠኚ ያንንም ግማሹን ታጠኚያለሽ።

አማርኛ የማይረዳሽ በብዙ ቁጥር ላይ ነው። እኛ ለሕፃናትም ለሽማግሎችም ሰብሰብ ሲሉ “ግቡ” እንላለን፤ ስፔን ውስጥ ግን እዚህም ላይ ይለያሉ። እናንተ ለሚሏቸው ለልጆች፣ ለወዳጆችና ለቤተሰብ “ር”ን ወደ “ድ” ይለውጣሉ፦ ሚራድ፣ ኮሜድ፣ ሱቢድ። መጽሐፉ ላይ ያደናገረሽ አንዱ ይህ የቦሶትሮስ፣ “እናንተ” የሚሉት ቅርጽ ነው። በላቲን አሜሪካ ይህ በዕለት ንግግር የለም፤ ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ ለብዙ ሰው፣ የገዛ ልጆቻቸው ቢሆኑም፣ “ሚሬን” ነው የሚሉት። ስፔን ውስጥ ደግሞ “ሚሬን” የአክብሮት ቃል ስለሆነ ከእንግዳ ተቀባይ አፍ ሲወጣ የሚቀየም የለም፤ ቢበዛ ወጣቶቹ ትንሽ ጥብቅ ያለ ሆኖ ይሰማቸዋል።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው፦ ሠንጠረዡን ዝጊና “ን” ያለበትን አንዱን መስመር ብቻ አጥኚ። አስጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጋግረው ቡድን ነው። ስፓኒሽ በ20 አገሮች የመንግሥት ቋንቋ ነው፤ በሁሉም ውስጥ “ሚሬን” ለቡድን ተገቢ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ለብቻ ስታነጋግሪ “ን”ን ታስቀሪያለሽ፤ “ሚሬ” ይሆናል። “ሚራ” እና “ሚራድ” ይቆዩ። መምህራን ሁልጊዜ ከ“ቱ”፣ ከ“አንተ” ወይም “አንቺ”፣ መጀመራቸው ለክፍል ጓደኞች ይመቻል፤ ለአንቺ ሥራ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መነሻሽ አክብሮት መሆን አለበት።

የጓደኛሽን ሐሳብ ግን አልቀበለውም። ይገባቸዋል ያለው እውነት ነው። ስፔን ውስጥም “ኤንትራድ” በማለት ፈንታ በልማድ “ኤንትራር” የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ የቋንቋው አካዳሚ ግን ይህን አይመክርም። ያልተለወጠው ግሥ ትክክለኛ ቦታው ሰሌዳ ላይ ነው፦ በበር ላይ “ኤምፑኻር”፣ ግፋ ለማለት፤ በግድግዳ ላይ “ኖ ፉማር”፣ ማጨስ ክልክል ነው ለማለት። ሰሌዳ የሚያነበውን ሰው አያውቀውም። አንቺ ግን እንግዳሽን ታውቂያለሽ፤ ፊቱን እያየሽ ነው የምትናገሪው። ያልተለወጠው ግሥ በአንቺ አፍ የሚያምረው ከ“ፑዌዴን” ቀጥሎ ሲመጣ ነው፦ “ፑዌዴን ኤስፔራር ኡን ሞሜንቶ?” ጥቂት ሊጠብቁ ይችላሉ ወይ ማለት ነው። ጊዜና ጸጥታ ባለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሆቴል ውስጥ፣ ይህን ተጠቀሚ። “ፖር ፋቦር”፣ እባክዎ፣ ደግሞ የትም ቦታ አይበዛም።

አሁን በፊደል ስጽፍልሽ የማይታየውን ነገር ልንገርሽ፤ ከሁሉ አብልጬ የምጨነቅበት እሱ ነውና። የድምፅ ክብደት ነው። “ሚሬ” ስትዪ ክብደቱ “ሚ” ላይ ነው። “ሬ” ላይ ካሳረፍሽው ትርጉሙ ይለወጣል፤ “አየሁ” ይሆናል። “ኤስፔሬ”ም እንዲሁ ነው፤ “ፔ” ላይ ሲከብድ “ይጠብቁ”፣ መጨረሻው ላይ ሲከብድ “ጠበቅሁ”። “ኤንትሬ” መጀመሪያው ላይ ሲከብድ “ይግቡ”፣ መጨረሻው ላይ ሲከብድ “ገባሁ”። አማርኛ ክብደቱን ለዘብ አድርጎ በየቀለሙ ስለሚያካፍለው ጆሯችን ይህን ልዩነት ቶሎ አይዘውም። በ“ን” የሚያልቀው የብዙ ቁጥር ቅርጽም ከመጨረሻው በፊት ባለው ቀለም ላይ ይከብዳል፦ ኤስ-ፔ-ሬን ስትዪ “ፔ”ን ጫን በያት። ከአርጀንቲና የመጡ እንግዶች እርስ በርሳቸው “ሚራ” ሲባባሉ መጨረሻውን ሲያከብዱት ብትሰሚ አትደንግጪ፤ ቦስ የሚባል የራሳቸው “አንተ” አላቸው፤ ትእዛዙም ክብደቱን መጨረሻ ላይ ያሳርፋል። ተረጂው እንጂ አትቅጂው።

“ጠብቁኝ” ለማለት ደግሞ ስፓኒሽ የእኛን ዘዴ ይከተላል። እኛ “ጠብቁ” ላይ “ኝ” እንቀጥላለን፤ እነሱ “ኤስፔሬን” ላይ “ሜ” ይቀጥላሉ፦ ኤስፔሬንሜ። ክብደቱ ከ“ፔ” አይነቃነቅም። ጫማ ማውለቅም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ በየቤተ ክርስቲያኑ በር ስለምትዪው አሁኑኑ ያዢው፦ “ኪቴንሴ ሎስ ሳፓቶስ፣ ፖር ፋቦር”። ግሡ ኪታር ነው፤ በ“አር” ስላለቀ “ኪቴን” ሆነ፤ “ሴ” ደግሞ ከራሳቸው ላይ የሚያወልቁ መሆኑን ታሳያለች። ክብደቱ መጀመሪያው “ኪ” ላይ ነው። መከልከል ከፈለግሽ “ኖ”ን አስቀድመሽ ያንኑ የአክብሮት ቅርጽ ትዪያለሽ፦ “ኖ ቶኬን”፣ አይንኩ። በክልከላ ጊዜ “ሜ” ከኋላ ተነሥታ ወደ ፊት ትመጣለች፦ “ኖ ሜ ኤስፔሬን”፣ አትጠብቁኝ። በእኛ ዘንድ “ኝ” ከቦታዋ ስለማትነቃነቅ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ።

በላቲን ፊደል ስትጽፊ ቶካር፣ ፓጋር እና ክሩሳር የመሳሰሉ ግሦች ፊደል ሲለውጡ ታያለሽ። ይህን ሕገ ወጥነት አድርገሽ አትቁጠሪው። ድምፁ እንዳይለወጥ ሲባል ፊደሉ ይለወጣል፤ በአፍሽ ቶኬን፣ ፓጌን፣ ክሩሴን ብለሽ በደንቡ ትቀጥያለሽ።

ከደንቡ የሚወጡትን ለጊዜው አራት ብቻ እንዳሉ አጥኚ፦ “ቤንጋን” (ይምጡ)፣ “ሲጋንሜ” (ይከተሉኝ)፣ “ሲዬንቴንሴ” (ይቀመጡ)፣ “ቴንጋን ኩይዳዶ” (ይጠንቀቁ)። ለአስጎብኚ ያለ እነሱ ቀን አይመሽም። አማርኛ ለሚማር የውጭ ሰውም “መጣ” ሲታዘዝ ለምን “ና” እንደሚሆን ከደንብ አውጥተን ልናስረዳው አንችልም፤ ሰምቶ ይይዘዋል። አንቺም እንዲሁ ያዢ።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። መያዝ ወይም መውሰድ የሚለውን ስትፈልጊ ስፔን ውስጥ “ኮኼር” የሚል ግሥ ትሰሚያለሽ። እዚያ የዘወትር ቃል ነው፤ በሜክሲኮና በአርጀንቲና ግን ነውር ነው። አንቺ በ“ቶማር” ጽኚ፦ “ቶሜን” ማለት ይውሰዱ ነው፤ ቡና ስታቀርቢም “ቶሜን” ብትዪ ይጠጡ ማለት ይሆናል፤ የትም አያሳፍርሽም።

ልምምዱን ወንበር ላይ ተቀምጠሽ አታድርጊው፤ ሥራሽ የእግር ሥራ ነው። እንግዳ በሌለሽ ቀን ከጓደኛሽ ጋር ወደ ፋሲል ግቢ ሂጂ። እሱ እንግዳ ይሁን፤ ምክሩንም በዚህ ይካስ። ከበሩ ላይ “ፓሴን” በዪው። ከዐፄ ፋሲል ሕንፃ ፊት “ሚሬን”። ደረጃ ባለበት “ሱባን”፤ ስትወርዱ “ባኼን”፤ ይህ “ባኻር” ከሚለው ነው፤ “ኸ”ን ከጉሮሮ ማውጣት ለእኛ አያስቸግርም። ፀሐይ ሲበረታ “ቤባን አጓ”፣ ውኃ ይጠጡ፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ስትወጪማ በየሰዓቱ የምትደጋግሚው ነው። የጎብኚዎች መዝገብ ካለ “ኤስክሪባን ሱ ኖምብሬ አኪ”፣ ስምዎን እዚህ ይጻፉ። ታሪክ ልትጀምሪ ስትይ “ኤስኩቼን”፣ ያዳምጡ። ለስፔናውያን የምትነግሪው አንድ ታሪክ ደግሞ አለሽ፦ ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል የእነሱ አገር ሰው አማርኛና ግዕዝ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1618 የዓባይን ምንጭ አይቶ፣ በ1622 ጎርጎራ ላይ አርፏል፤ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ከመቆርቆራቸው ከ14 ዓመት በፊት ማለት ነው። በየቦታው ትእዛዙን በመጀመሪያ ለቡድን፣ ቀጥሎ ለአንድ አረጋዊ በዪ፦ ሚሬን፣ ሚሬ፤ ሱባን፣ ሱባ፤ ኤስፔሬን፣ ኤስፔሬ። ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተሻገሩና አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ “ሚሬን ኤል ቴቾ” በዪ፤ ጣሪያውን ይመልከቱ። አፍሽ የተያዘው እዚያ ስለሆነ መፈታት ያለበትም እዚያው ነው።

ስለ እኒያ እናት አትጨነቂ። ፈገግ ያሉት ሐሳብሽ ስለ ገባቸው ነው። ልጃቸውም ቢሆን ጠቃሚ ነገር ነው ያስተማረሽ፤ በኮሎምቢያ ተራራማ አካባቢዎች ወዳጅ ወዳጁን እንኳ ኡስቴድ የሚልበት ቤት ብዙ ነው። ከስፔን የመጣ እንግዳ ደግሞ አንድ ቀን ካብራችሁ በኋላ “ቱቴአሜ” ይልሽ ይሆናል፤ አንተ በዪኝ ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ለእሱ ብቻ “ሚራ” እና “ኤንትራ” በዪ፤ አለዚያ የሰጠሽን ቅርበት የገፋሽበት ይመስለዋል። እስኪልሽ ድረስ ግን አንቺ አትጀምሪ።

ጥምቀት ላይ ጨዋነት አጭር ነው። በከተራ ታቦታቱ ሲወርዱ፣ በማግሥቱም በፋሲል መዋኛ ውኃው ሲባረክ በሚኖረው ግፊያ ውስጥ “ሊጠብቁኝ ይችላሉ ወይ” ብለሽ ሳትጨርሺ ቡድንሽ ይበተናል። እዚያ የሚያዋጣሽ “ኤስፔሬንሜ አኪ”፣ “ፓሴን ፖር አኪ”፣ “ካሚኔን ዴስፓሲዮ” ነው፤ እዚህ ጠብቁኝ፣ በዚህ እለፉ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ጥር 10 ቀን ከሆቴሉ ሳትወጡ ቡድኑን ሰብስቢና እነዚህን ሦስቱን አንድ በአንድ አሰሚያቸው፤ “ኤስፔሬንሜ” ስትዪ ሁሉም ባለበት እንዲቆም፣ “ሲጋንሜ” እስክትዪ ድረስም ማንም እንዳይነቃነቅ ተስማሙ።